በቀይ እስክሪብቶ የሞላው ቀን መቁጠሪያዬ

የታክሲ መስኮት በመክፈቷ የተሰደበች ሴት ካለች ድምጿን ታሰማኝ። ብቻዬን አለመሆኔን ልወቅ።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ አስፋልቱን እየቀጠቀጠው ነው። ከተክለ ሃይማኖት ሽንኩርት ሸምቼ ወደ ልደታ ስመለስ፣ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ከሦስት ሰው ጋር ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ድንገት ከደረቴ ተነስቶ በአንገቴ በኩል ወደ ፊቴ የሚወጣ እሳት መጣብኝ። እሳት ስላችሁ ዝም ብሎ ሙቀት እንዳይመስላችሁ። ሆዴ ውስጥ ከሰል አያይዞ የሚያራግብብኝ ሰው ያለ ነው የመሰለኝ። ነጠላዬን አወረድኩ። ሹራቤን አወለቅኩ። ከዚያ በላይ ማውለቅ ለሰፈር ወሬ ስለሚተርፍ መስኮቱን ከፈትኩ።

"ኧረ እናቴ ይዝጉት! ጉንፋን ሊያስይዙን ነው?" አለ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ።

"አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አየር ላግኝ።"

"አየር ከፈለጉ በእግርዎ አይሄዱም?" አለች አንዲት ወጣት፤ ዝናቡ የተቀባችውን ሊያጥብባት ነው መሰለኝ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

"በዚህ ዝናብ መስኮት የሚከፍት ሰው ጤነኛ ነው?" አለ ሰውዬው ለመላው ታክሲ።

ይኸውላችሁ፣ ጤነኛ አለመሆኔን መጀመሪያ ያወቀው የታክሲ ተሳፋሪ ነው። ከእሱ በኋላ ያየኝ ባለ ነጭ ጋውን ሁሉ የእሱን ያህል አልተጠጋም።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ግን ጠንቃቃ ሴት ነኝ። የጋዙን ማጥፊያ ሦስት ጊዜ ሳልነካ ከቤት አልወጣም። ልጄ ህሊና ሃያ ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ዛሬም አደባባዩን ተሻግራ "ተሻገርኩ" ብላ ካልደወለችልኝ ምሳ አይበላልኝም። እንዲህ ያለች ሴት የራሷ ገላ ሲከዳት ምን እንደምትሆን አስቡት።

እሳቱ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። እንቅልፌ ጠፋ። ማበጠሪያዬ ላይ የሚቀረው ጸጉር ተሰብስቦ ለሌላ ሰው ራስ ይበቃል። የቤቱን ቁልፍ ግማሽ ቀን ፈልጌ ፍሪጅ ውስጥ ከጎመኑ ሥር አገኘሁት። አንድ ቀን ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ የሳሙና ማስታወቂያ አይቼ አለቀስኩ። የሞተ ሰው የለበትም፣ የታመመ የለበትም፤ ሸሚዙ ነጣ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ከሁሉ የባሰው ግን የወር አበባዬ ነው። ግንቦትና ሰኔን ጠፍቶ ከረመና በሐምሌ ሲመለስ፣ ሻንጣውን ይዞ እንደመጣ የገጠር ዘመድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀመጠ።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ምንዎን ነው?" አለኝ።

"ያቃጥለኛል፣ ያልበኛል፣ ይደክመኛል።"

የወር አበባውን ነገርማ ልጄ ለሚሆን ወንድ እንዴት ብዬ ልጀምረው? ቢጠይቀኝ አንገቴን ደፍቼም ቢሆን እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም። ደም ሰጠሁ፣ ታይፎይድ ተባልኩ። በዚህ ከተማ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው ካለ እሱን በዓይኔ ባየሁት። ኪኒኑን ቆጥሬ ጨረስኩት፤ እሳቱ ግን አላለቀም። ሌላ ዘንድ ሄድኩ፣ ጨጓራ ነው ተባልኩ። ሦስተኛው የነጭ ጸጉር ባለቤት ስለሆነ ተስፋ ጥዬበት ነበር። "ጭንቀት ነው፤ ይረፉ" አለኝ። ይረፉ! ማን ልብሱን ሊያጥብ ነው የማርፈው? ጉሮሮውን ያመመው ሰው አፉን ከፍተው ጉሮሮውን ያዩለታል። ጥርሱን ያመመው ጥርሱን ይታያል። አርባ ስድስት ዓመት የሞላትን ሴት ግን "ወር አበባሽ እንዴት ነው?" ብሎ ለመጠየቅ ሦስት የተማሩ ሰዎች አንድ አፍ አጡ!

እነሱ ያልጠየቁኝን ያህል ደግሞ ጽጌ ሳትጠየቅ መለሰችልኝ። ጽጌ ከሕንጻችን ሥር ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት፤ ከቅመማ ቅመሙ ጋር ምክርም ታከፋፍላለች። መጀመሪያ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። አልተሻለኝም።

"እንግዲያው ብርድ ነው" አለችኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ እየነደድኩ ነው እያልኩሽ ብርድ ትዪኛለሽ?"

"ብርድ ሲበዛ እኮ ያቃጥላል!"

ከዚህ በኋላ ከጽጌ ጋር ምን ብዬ ልከራከር?

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው ልምጣ። ወጥ ቤታችን በር ላይ እያንዳንዱ ወር የራሱ ወፍራም ወረቀት ያለው ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ደም ባየሁበት ቀን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደርግበታለሁ። ለሐኪም ብዬ አይደለም። እኛ ሴቶች በግዳጅ ላይ ሆነን ቤተ ክርስቲያን አንገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ነው የምንሳለመው። ደሙ ቆሞ ሰባት ቀን ሞልቶ ስንነጻ እንገባለን። እኔ ደግሞ አንድ ቀን አሳስቼ እንዳልገባ እፈራለሁ፤ ስለዚህ በትዳር ዘመኔ ሁሉ ኤክስ ሳደርግ ኖሬያለሁ። የሐምሌ ወረቀት ታዲያ በርበሬ የተሰጣበት መሰለ።

ባለቤቴ ከፍርድ ቤቱ አቅራቢያ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ድራፍት ሳይቀምስ የመጣበትን ቀን አላስታውስም ነበር። ነሐሴ ሲገባ ግን ሰውዬው ተለወጠ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቤት ነው። በእጁ ሙዝ ይዟል።

"ምን ነካህ ዛሬ?" እለዋለሁ።

"ምን ይነካኛል? ሰው ቤቱን አይወድም?"

በሕመሜ አዝኖ ነው ብዬ ለእሱ ደግሞ አለቀስኩለት። ያን ሰሞን እንባዬ ምክንያት አያስፈልገውም ነበር።

በዚሁ መሀል ነው የወይንሸት ነገር የመጣው። ወይንሸት በራችን ፊት ለፊት የሆነ ጎረቤቴ ናት። ባገባች በዘጠኝ ዓመቷ፣ በሐምሌ መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። ከሆስፒታል እንደመጣች ሕፃኗን እቅፌ ላይ አስቀምጣ "እትዬ፣ የክርስትና እናቷ እርስዎ ነዎት" አለችኝ። ልጅቷ ማልቀሷን ሳትጨርስ እሺ አልኩ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ ቀኑ ጥቅምት ላይ ይውላል። እስከዚያ ድረስ ሰውነቴ ወደ ልቡ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ።

አልተመለሰም። ትንሽ ይተወኛል፣ ሰባቱ ቀን ሳይሞላ ተመልሶ ይመጣል። የነሐሴን ልደታ ከአጥር ውጭ ሆኜ አከበርኩ። የመስከረምንም ከአጥር ውጭ። አጥሩ ሥር የሚቆሙት ሴቶች በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ፤ እኔ ግን ቋሚ ሆንኩ። አዲስ የመጣችውን "እዚህ ጋ ጥላ አለ፣ ድምፁም በደንብ ይሰማል" እያልኩ ቦታ የማሲዘው እኔ ነኝ። ጽጌ ነጠላዋን አጣፍታ በአጠገቤ ስታልፍ በዓይኗ ትለካኛለች። ትለካኝ ብዬ ተውኳት። ለካ እየሰፋችልኝ ኖሯል!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወይንሸት በሬን አንኳኳች። ሕፃኗን አልያዘችም። አልተቀመጠችም።

"እትዬ፣ ለልጄ ክርስትና እናት መሆን ካልፈለጉ በጊዜ ይንገሩኝ" አለችኝ።

"ማን አለሽ እንዲህ?"

"ሰፈሩ ሁሉ እያወራ ነው። ሃይማኖቷን ቀይራለች፣ ስንት ጊዜዋ ከአጥር አላለፈችም ይላሉ። ጸበል ሲረጭ እንኳ ያልባታል ብላለች ጽጌ።"

በንዴት ጆሮዬ ጮኸ። የእኔ ላብ በጸበል ነው የሚመጣው? ሽንኩርት ስከትፍም ያልበኛል፣ ደረጃ ስወጣም ያልበኛል፣ ሽንኩርትና ደረጃም ሃይማኖቴን አስቀይረውኝ ነው? ይህን ሁሉ በልቤ አልኩ። በአፌ ግን ባለቤቴ ከኋላዬ ተቀምጦ ሙዝ እየላጠ ስለሆነ ቃሉ አልወጣልኝም።

"እሺ፣ ለምን አይገቡም?" አለች ወይንሸት።

"ሥራ… ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

"ከበሩ ድረስ ሄዶ የሚያስመልስ ሥራ ምን ዓይነት ነው እትዬ?"

ይህን ብላ ሄደች። ተናዳ እንኳ እትዬ ማለቷን አልተወችም፤ እሱ ነው ይበልጥ የቆረጠኝ። ያቺን ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አብሬያት ስለት ተስያለሁ። አሁን ልጇን እንደናቅኩባት አድርጋ አሰበች።

ህሊና ከክፍሏ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችኝና "እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ" አለችኝ። ከእሳቱ ጀምሬ እስከ ሸሚዙ ማስታወቂያ ድረስ ነገርኳት።

"ይሄ እኮ የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልጅ ነሻ!"

"ሃያ ዓመቴ ነው እማዬ!"

ሆርሞን የሚባለውን ነገር እኔ የማውቀው የፈረንጅ ዶሮ ሲታማበት ነው። በሰው ቤት፣ ያውም በእኔ ቤት፣ ምን ሊሠራ መጣ? ህሊና ግን ቆራጥ ናት፤ እዚያው ስልኳን አንስታ ከአንዲት የሴቶች ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘችልኝ። "የመጣበትን ቀን ሁሉ ይዛ ትምጣ ብለዋል" አለችኝ። እኔም በኩራት ወደ በሩ ዞርኩ። "ይኸው፣ አንድ ቀን አልሳትኩም!"

በሩ ላይ ያለው የአዲሱ ዓመት ቀን መቁጠሪያ ነው። ከመስከረም በፊት ያለ ወር የለበትም።

"አሮጌውን የት አደረግኸው?" አልኩት ባለቤቴን።

ሙዙን አስቀመጠ። "ዘመን ሲለወጥ ለጽጌ ሰጠኋት፤ ለመጠቅለያ።"

"ሳትጠይቀኝ?"

"ጉዳዩ በስምምነት ያለቀ መስሎኝ ነዋ! ሁለት ወር ሙሉ በጊዜ ገብቻለሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ በሐምሌ አብዝተሽብኛል። ሦስት ሳምንት በተከታታይ አልጠጣሁም!"

ህሊና ወንበር ይዛ ተቀመጠች፤ ሳቋ ማቆሚያ አጣ። ለካ ሰውዬው እያንዳንዱን ኤክስ እሱ ጠጥቶ የገባበት ቀን አድርጎት ነው! ያን ሁሉ ሙዝ ያመጣልኝ፣ ያን ሁሉ እንባ ያፈሰስኩለት፣ ለእኔ ሕመም አልነበረም፤ ለራሱ ጥፋት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ በሚስቱ ገላ ላይ የሆነውን በራሱ ጉሮሮ ተረጎመው። ማስረጃውን ደግሞ ለጽጌ ሱቅ አስረከበ!

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረድኩ።

"ጽጌ! ያ አሮጌ ቀን መቁጠሪያ የት አለ?"

"ያ ወፍራሙ ወረቀት? ለቅመም የሚሆን ጥሩ ወረቀት ነበር" አለች፤ እጇን ከሣጥኑ ሥር ሰዳ ሚያዝያና ሰኔን አወጣችልኝ። "ግንቦትን አምስተኛ ፎቅ ወስደውታል፣ እርድ ጠቅልዬላቸው። ነሐሴን ታች ያለችው ልብስ ሰፊ በኮረሪማ ወስዳዋለች።"

"ሐምሌስ? የሚያስፈልገኝ ሐምሌ ነው!"

"ሐምሌን ትናንት ለወይንሸት አብሽ ሸጬበታለሁ። ምነው? ምን ተጽፎበታል? ያ ቀይ ቀይ ነገር ምንድን ነው?"

አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ ግንቦትን ከእርዱ አራገፍኩ፤ ምንም ኤክስ የለበትም፣ ግን ባዶነቱም ያስፈልጋል ብላለች ህሊና። ነሐሴን ከልብስ ሰፊዋ ተቀበልኩ። በሕንጻችን ውስጥ የእኔን ገላ ምሥጢር ያልጠቀለለ ቤት አልቀረም። በመጨረሻ ወይንሸት በር ላይ ቆምኩ። ተክለ ሃይማኖት ድረስ ተመልሼ በዚያው ታክሲ ብሰደብ ይቀለኝ ነበር።

በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"አብሽ የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈልጌ ነው።"

"ወረቀት?"

"ለሐኪም የማሳየው ነው። ወይንሸት፣ ከአጥር ውጭ የቆምኩት ሃይማኖቴን ቀይሬ አይደለም። ደሙ እምቢ ብሎኝ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ሰባት ቀን ሞልቶልኝ አያውቅም። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።"

ወደ ውስጥ ገባች። ሐምሌን አብሹን አራግፋ አመጣችው። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ኤክሶቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር።

"እኔ ቤትም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ነበር" አለችኝ። "የእኔ ግን ባዶው ነው። ሦስት ወር፣ አራት ወር ይጠፋብኛል። አገጬ ላይ ጸጉር ያበቅላል፣ ሳልበላ እወፍራለሁ። ጽጌ ዓይነ ጥላ ነው ስትለኝ ኖረች። ሆርሞን ነው ብለው ያወቁልኝ በስምንተኛው ዓመት ነው።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት በር ለበር ተቀምጠን፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎስ?"

ሕፃኗ ከውስጥ አለቀሰችና አዳነችኝ።

ሐኪሟ ዘንድ ወረቀቶቹን በተራ ደረደርኳቸው። ክፍሉ ወዲያው እርድ እርድ፣ አብሽ አብሽ ሸተተ። ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት፤ ሁለት ጊዜ አነጠሰች። ከዚያ አጎንብሳ ከሚያዝያ እስከ መስከረም አነበበቻቸው።

"እናቴ፣ ይህን ያህል የተሟላ ታሪክ ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ብዙ አላይም" አለችኝ።

ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ እንኳ እንዲህ አልተመሰገንኩም። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ። እሳቱን፣ ላቡን፣ እንቅልፉን፣ ጸጉሩን፣ መርሳቱን፣ እንባውን። የሸሚዙን ማስታወቂያ እንኳ ሳትስቅ ጻፈችው። ደም አስመረመረችኝ፣ የአንገቴን እጢ አየችልኝ፣ ማኅፀኔን በአልትራሳውንድ አየችልኝ። ክፉ ነገር አልተገኘም። ሆርሞን ማለት በደም ውስጥ እየዞረ ለሰውነት ትእዛዝ የሚያደርስ ነገር ነው አለችኝ፤ ማረጥ ሲቃረብ ትእዛዙ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ይጠፋል። እሳቱም እንባውም ደሙም ከዚያ ነው። ድካሜ ደግሞ ደም ስላነሰኝ ነው።

"ይህን ያህል ቀን ሲፈስ ግን ዕድሜ ነው ተብሎ ዝም አይባልም" አለችኝ ኮስተር ብላ። "የእርስዎ ክፉ ነገር ስላልሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ግን መታየት አለበት። ለምን ቆዩ?"

"ቆየሁ? ሦስት ቦታ ሄጃለሁ እኮ! ያ ሁሉ የዋጥኩት የታይፎይድ ኪኒን ታዲያ ለማን ነበር?"

እዚህ ላይ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ዛሬም አልስቅም።

የሰጠችኝ መድኃኒት ደሙን አቆመው። ጣቴን እያጠፍኩ ቀን ቆጠርኩ። የክርስትናው ዕለት አምስት ቀን ብቻ ሞላኝ። ሁለት ቀን ጎደለ! ባለቤቴ "ሁለት ቀን ምን አላት? ይግባኝ እንበል" አለኝ፤ ለማን ይግባኝ እንደሚባል ግን አልነገረኝም። ወይንሸት ናት የፈረደችው። "ህሊና ታንሳልኝ" አለች። "እርስዎ ደግሞ ከበሩ ላይ ይጠብቁን።" እንዲህ ነው የክርስትና እናት እሆናለሁ ብዬ የክርስትና አያት የሆንኩት።

የጥቅምት ማለዳ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የለመድኩት አጥር ሥር ጋቢዬን ተከናንቤ ቆምኩ። ከውስጥ የሕፃኗ ለቅሶ ሲሰማኝ እኔም አለቀስኩ፤ ይኼኛው ግን የሆርሞን አይደለም፣ የራሴ ነው። ጥቂት ቆይቶ ወይንሸት፣ ባሏና ህሊና ወጡ። ወይንሸት ለማንም ሳትሰጥ ቀጥ ብላ ወደ አጥሩ መጣችና፣ ማተብ ያሰረችውን ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እቅፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"አያትሽን ሳሚ" አለቻት።

ማን እንዳየ ለማየት ቀና አልኩ። ጽጌ አየች። ከሰው ሁሉ ቀድማ ከቅጥሩ ወጥታ አጠገቤ ቆማለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፣ የቀሚሷ አንገት ተከፍቷል፣ በእጇ ፊቷን እያራገበች ነው። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል።

"ውስጡ እንዴት ይሞቃል!" አለችኝ።

ህሊናን አየሁ። ህሊና ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነው።

"ምች ይሆናል ጽጌ" አልኳት። "ካልሆነም ብርድ ነው። ብርድ ሲበዛ እኮ ያቃጥላል።"

ሌላ ቀን ቢሆን አፏ ይቀድማት ነበር። ዛሬ መሬት መሬቱን አየች። የቀዩን ኤክስ ምሥጢር ከወይንሸት ሰምታለች መሰለኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ያን ቀይ እስክሪብቶሽን ታውሺኛለሽ?"

ከሐኪሟ ወዲህ ከቦርሳዬ አይለይም፤ አውጥቼ ሰጠኋት። የራሷን ቀን መቁጠሪያ ግን ቅመም እንዳትጠቀልልበት እዚያው አጥሩ ሥር አስምያታለሁ።